በእጅ ያለችው መሣሪያና የሚመራት መምህር



ኦዳ ማለት በኦሮምኛ የሾላ ዛፍ ነው። ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ሕግ የሚመክሩበትና ነገር የሚመረምሩበት ዛፍ ስለሆነ፣ ስሙ ጥላውን ብቻ ሳይሆን ሸንጎውንም ያስታውሳል። በኬንያው ሞያሌ ይህን ስም በያዘችው ስፍራ ስለ መምህራን ክብር ሲነገር፣ እንደ ሸንጎ ልማድ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ የእጅ ስልክን፣ ታብሌትን ወይም ካልኩሌተርን ይዞ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምር መምህር ሲመሰገን፣ የሚመሰገነው ስለ መሣሪያው ነው ወይስ ስለ ትምህርቱ? የሚል ነው።

በእጅ የሚያዝ የስሌት መሣሪያ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 የሎጋሪዝምን ሠንጠረዥ አሳትሞ፣ የማባዛትን ድካም ወደ መደመር ለወጠው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም እንግሊዛዊው ዊልያም ኦውትሬድ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ የሚያሰላውን ማስመሪያ አበጀ። መሐንዲሶች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ድልድዩንም ሕንፃውንም ያሰሉት በዚህ ነበር። ማስመሪያው ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ አኃዞቹን ያሳያል እንጂ የነጥቡን ቦታ አይናገርም። ውጤቱ 36 ይሁን፣ 360 ይሁን ወይም 3,600፣ የሚያሰላው ሰው ራሱ በአእምሮው ገምቶ መወሰን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1972 ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በኪስ የሚያዘውን ኤች ፒ 35 የተሰኘ ካልኩሌተር በ395 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ነጥቡም በቦታው ሆኖ ይታይ ጀመር። ድካሙ ቀረ፤ ከድካሙ ጋር ግን የመገመት ልማድም አብሮ ሊቀር ደረሰ።

ስለዚህ ሊከበር የሚገባው መምህር፣ ተማሪው ቁልፉን ከመንካቱ በፊት «መልሱ ስንት ያህል ይመስልሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ነው። ተማሪው 19ን በ21 ሲያባዛ ውጤቱ ወደ 400 እንደሚጠጋ አስቀድሞ ካወቀ፣ ጣቱ ስቶ አንድ ዜሮ ጨምሮ መሣሪያው 3,990 ቢያሳየው፣ «ይህ ሊሆን አይችልም» ለማለት ድፍረት ያገኛል። ይህም በሞያሌ ተራ ነገር አይደለም። ብር ወደ ሽልንግ፣ ሽልንግም ወደ ብር ዕለት ዕለት በሚመነዘርበት ከተማ፣ በመስታወቱ ላይ የታየውን ቁጥር ሁሉ የሚያምን ልጅ የቤተሰቡን ገንዘብ አሳልፎ ይሰጣል።

መሣሪያ ያለ መምህር የት ድረስ እንደሚሄድ በኢትዮጵያ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጣቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፈቱት። ይህ የልጆቹን ብልሃት በሚገባ ያስመሰክራል። ነገር ግን ፊደልን በዜማ ከማለት ተነሥቶ፣ አንድ ነገር እውነት መሆኑ በምን እንደሚታወቅ እስከ መጠየቅ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በዚያም መንገድ ላይ ልጁን የሚቀድመው ሰው ያስፈልገዋል።

ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ የእጅ መሣሪያዎችን አድላለች። ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የዓለም የመምህራን ሽልማት በዱባይ የተሰጠው ኬንያዊ መምህር የሚያስተምረው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በነበረው የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። እርሱም በናኩሩ አውራጃ በኬሪኮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር የነበረው፣ የፍራንሲስካን ማኅበር አባል የሆነው ፒተር ታቢቺ ነው። ወደ ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ለትምህርቱ የሚሆነውን አስቀድሞ ያወርድና ወደ ክፍሉ ይዞ ይመለስ ነበር፤ ከደመወዙም 80 ከመቶ የሚሆነውን ለድሆች ይሰጥ ነበር። ተማሪዎቹም ከአካባቢያቸው ተክሎች ኤሌክትሪክ በማመንጨታቸው ከእንግሊዙ የኬሚስትሪ ንጉሣዊ ማኅበር ሽልማት አግኝተዋል። ለዚህ ያበቃቸው የመሣሪያ ብዛት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

እንግዲህ በኦዳ ያለ መምህር አንዲት ስልክ ብቻ ቢኖረው ምን ሊያደርግ ይችላል? ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕት ዓመት ኤራቶስቴንስ በግብፅ ምድር የፀሐይን ጥላ ለክቶ የምድርን ዙሪያ እንዳሰላ ይታወቃል። ይህንኑ ትምህርት ሞያሌና አዲስ አበባ ተባብረው ሊደግሙት ይችላሉ፤ ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር አጠገብ፣ አንዱ በደቡብ አንዱ በሰሜን ይገኛሉና። ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 3 ዲግሪ ተኩል ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 9 ዲግሪ ያህል ይርቃሉ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 12 ገደማ፣ በሁለቱም ስፍራ አንድ ሜትር የሚሆን ዘንግ ይቆማል። በስልኩ ውስጥ ያለው ውኃ ልክ ዘንጉ መቃናቱን ያረጋግጣል፤ ካሜራው ጥላውን ይመዘግባል፤ መልእክቱም በቅጽበት ወደ ሌላው ክፍል ይደርሳል። የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ስለሆነ፣ የስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ አማርኛ ተናጋሪው እኩለ ቀንን ስድስት ሰዓት ብሎ ስለሚጠራ፣ ልጆቹ በቀጠሮው አይሳሳቱም።

ጥላው እጅግ በሚያጥርበት ሰዓት በሞያሌ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በአዲስ አበባ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ ካልኩሌተሩ የማዕዘኖቹን ልዩነት 5 ዲግሪ ተኩል ያህል ያደርገዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ ያለው ርቀት 610 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ተማሪው በ360 ዲግሪ አስልቶ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የምድር ዙሪያ ያገኛል። ጥላውን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢስት ውጤቱ በምን ያህል እንደሚዛባም ራሱ ያያል። ስለ መለኪያ ስሕተት የሚሰጥ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም፤ መሣሪያውም በዚህ ሁሉ ውስጥ ረዳት እንጂ ጌታ አልሆነም።

የትምህርት ቤት ሹማምንት ሆይ፤ እንዲህ ያለውን መምህር ማክበር የምስክር ወረቀት በመስጠት ብቻ አይፈጸምም። የስልኩን ካርድ ከኪሱ የሚገዛ መምህር ወጪው ሊታሰብለት፣ ባትሪውን የሚሞላበት ስፍራም ሊዘጋጅለት ይገባል። ትምህርቱን አስቀድሞ የሚሞክርበት ጊዜ ከሌለው፣ የተሰጠው መሣሪያ በቁም ሣጥን ተቆልፎ አቧራ ይለብሳል። ተቆጣጣሪም ወደ ክፍል በገባ ጊዜ ስንት ታብሌት እንዳለ ከመቁጠሩ በፊት፣ ከኋለኛው ወንበር አንዱን ልጅ አስነሥቶ «ይህን መልስ እውነት መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ አስረድቶ ከመለሰ፣ መምህሩ ክብር ይገባዋል፤ በእጁ የያዘው አዲስ ስልክም ሆነ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው አሮጌ፣ ልዩነት የለውም።