የማያ ፎርስታተር ክርክር ምን ወሰነ?

ሰው ስለ ጾታ ባለው እምነት ምክንያት ከሥራ ሊሰናበት ይችላል? ለንደን ውስጥ ዓመታት የፈጀ አንድ ክርክር መልስ ሰጥቶበታል።

ማያ ፎርስታተር በአንድ የጥናት ተቋም ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያ መንግሥት ሰዎች በሕግ ፊት ጾታቸውን የሚቀይሩበትን አሠራር ለማሻሻል የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ፣ እሳቸው ጾታ ከአካል ተፈጥሮ የሚመጣ ነው፣ አይለወጥም ብለው ትዊተር ላይ ጻፉ። ባልደረቦቻቸው አቤት አሉ፤ ውላቸውም ሳይታደስ ቀረ። እሳቸውም በእምነቴ ምክንያት መድልዎ ተፈጸመብኝ ብለው ከሰሱ።

የ2010 የእኩልነት ሕግ ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን የፍልስፍና እምነትንም ይጠብቃል፤ አለማመንንም ጭምር። እርግጥ ለአፍታ የመጣልን ሐሳብ ሁሉ እምነት አይባልም፤ መለኪያዎች አሉት። ክርክሩ የጠነከረው በአንዱ ላይ ነው፦ እምነቱ በዴሞክራሲያዊ ማኅበረሰብ ዘንድ ክብር የሚገባው ነው ወይ? በ2019 ጉዳዩን መጀመሪያ ያዩት የሥራ ክርክር ችሎት ዳኛ «አይደለም» አሉ። በሰኔ 2021 ግን ይግባኝ ሰሚው ችሎት ውሳኔውን ሻረው። በዚህ መለኪያ ከጥበቃ የሚወጣው እንደ ናዚዝም ያለ፣ የሌሎችን መብት ከሥሩ የሚያጠፋ እምነት ብቻ ነው አለ። ሌላውን ማስቀየሙ ወይም ማስደንገጡ ብቻውን አይበቃም።

ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ችሎቱ በጾታው ክርክር ለማንም ወገን አልፈረደም፤ ትራንስጀንደር የሆኑ ሰዎችም ከመድልዎና ከትንኮሳ የሚጠብቃቸው ሕግ እንዳለ ነው። አንዲት ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ጨዋታ «ጾታ አይለወጥም» ብትል እምነቷን ተናገረች። ይህችው ሠራተኛ፣ ሴት ሆና የምትኖር ትራንስጀንደር ባልደረባዋን ለማሸማቀቅ በየስብሰባው ሆን ብላ «እሱ» እያለች ብትጠራት ግን ነገሩ ትንኮሳ ሊሆን ይችላል። እምነቷ ያው ነው፤ የሚመዘነው ሰው ላይ ያደረገችው ነው።

ፎርስታተር በ2022 በእምነታቸው ምክንያት መድልዎ እንደተፈጸመባቸው ተወሰነላቸው፤ በኋላም ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ካሳ ተፈረደላቸው። በሚያዝያ 2025 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእኩልነት ሕጉ ውስጥ «ሴት» ማለት በተፈጥሮ ሴት የሆነች ማለት ነው ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እንዲህም ሆኖ ማንም በዚህ እንዲስማማ አይገደድም። ዛሬ «የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሳስቷል፤ ሰው በሚሰማው ጾታ ሊታወቅ ይገባል» ብሎ ከልቡ የሚያምን ሠራተኛ በዚህ የተነሳ ቢባረር፣ ፎርስታተር የቆሙበትን ሕግ ይዞ መክሰስ ይችላል። አለቃው ማን እንደሚሆን፣ የትኛው ወገን ጉልበት እንደሚያገኝ አይታወቅምና፣ ከማይስማሙን ሰዎች ጋር እኩል የምንጠለልበት ሕግ ያስፈልገናል።

ብሪታንያ ውስጥ የምትሠሩ አድማጮቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ ደብዳቤና ኢሜይላችሁን በጥንቃቄ አስቀምጡ። የሥራ ክርክር ችሎት ከመሄዳችሁ በፊትም አካስ ለተባለው አስታራቂ ተቋም ማሳወቅ ግዴታ ነው። የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ፣ ሳይውል ሳያድር የሕግ ባለሙያ አማክሩ።