ነርስ ነሽ ወይስ ሐኪም?

(በአሜሪካ የሚኖሩ ምዕመናንና በአገር ቤት ፕሮጀክቶች የሚያገለግሉ ሠራተኞች በተገኙበት ጉባኤ ላይ አንዲት እኅታችን ያደረጉት ንግግር)



ባለፈው ወር አንድ አባት ከአምልኮ በኋላ ጠሩኝና፣ «እባክሽ ልጄን ምከሪልኝ፤ ሐኪም ትሆንልኛለች ብዬ ስጠብቅ ነርስ ልሁን ትላለች። ለዚህ ነው እንዴ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ የምነዳው?» አሉኝ። ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ ታለቅስ ነበር። ሁለቱም ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ይህን የምናገረውም ፈቅደውልኝ ነው። ያን ዕለት ደህና መልስ አልሰጠኋቸውም። ስለዚህ ዛሬ ልመልስ።

እኔ ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ። ይኸውም በነርስነት ካገለገልኩ በኋላ ተጨማሪ ትምህርት ተምሬ፣ በሽተኛ የምመረምር፣ በሽታውን የምለይና መድኃኒት የማዝ ነርስ ነኝ ማለት ነው። የምሠራው ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር ነው። በእሳቸውም በር ሆነ በእኔ በር የሚገባው ሕመም አንድ ዓይነት ነው፤ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሕፃን ሳል፣ የወገብ ሕመም። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

በመጀመሪያ አመጣጡን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ነርስ ፕራክቲሽነሮች ማሠልጠን ጀመሩ። ምክንያቱም ሐኪም በማይደርስባቸው ቦታዎች ብዙ ልጆች ያለ ሕክምና ይቀሩ ስለነበር ነው። በ1969 ደግሞ የቤተሰብ ሕክምና በአሜሪካ ራሱን የቻለ የስፔሻሊስት ሙያ ሆኖ ታወቀ። እንግዲህ ሁለቱም ሙያዎች የተጠሩት ለአንድ ችግር ነው፤ ቤተሰቡን በሙሉ በቅርብ የሚያይ ሰው ጠፍቶ ነበር። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሐኪም ወዳልነበረበት ገጠር ጤና መኮንኖችን ያሠለጥን የነበረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ዘመኑና ዋጋው ነው። የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን 4 ዓመት ኮሌጅ፣ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያም 3 ዓመት በሆስፒታል ሥልጠና ያስፈልጋል፤ በድምሩ 11 ዓመት ነው። በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት የሥራው ሰዓት በሳምንት በአማካይ እስከ 80 ሊደርስ ይችላል። በብድር የሚማሩ ብዙዎች 200 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክመው ይወጣሉ። ነርስ ፕራክቲሽነር ግን 4 ዓመት የነርስነት ዲግሪ ተምራ፣ ከዚያ በላይ 2፣ 3 ወይም 4 ዓመት ትጨምራለች። በመካከሉም በነርስነት ደመወዝ እየሠራች መማር ትችላለች። በኋላ የሐኪሙ ደመወዝ የእሷን እጥፍ ያህል ይሆናል። ሆኖም እሱ ገና ሲማር እሷ ቤተሰብ ስትረዳ ኖራለች።

«የነርስ ሕክምና እንደ ሐኪም ይሆናል ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። በኒው ዮርክ 1,316 በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ፣ አንዳንዶቹን ለሐኪሞች፣ ሌሎቹን ለነርስ ፕራክቲሽነሮች የሰጠ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ ነበር። ከ6 ወር በኋላ በሁለቱ ወገኖች ጤንነት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ይህ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጥናቱ ስለ ተመላላሽ የዕለት ተዕለት ሕክምና እንጂ ስለ ሁሉም በሽታ የሚናገር አይደለም። ከእኔው ሥራ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንዲት እናት የደም ግፊታቸው አልወርድ ብሎ መድኃኒታቸው ሁለት ጊዜ ተጨምሮላቸው ነበር። ሐኪሙ ራሳቸው፣ «ተቀምጠሽ አነጋግሪያቸው» ብለው ወደ እኔ ላኳቸው። ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ስናወራ ነገሩ ወጣ። ኢንሹራንስ ለሌላት እኅታቸው ኪኒናቸውን እኩል እያካፈሉ ኖረዋል። ለእኅታቸው ነፃ ክሊኒክ ፈለግንላቸው፤ የእሳቸውም ግፊት ያለ አዲስ መድኃኒት ወረደ።

ሌላው በሽተኛ ሹፌር ነበሩ። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ደማቸው አንሷል፤ የኩላሊታቸው ምርመራም ትንሽ ተዛብቷል። እኔ ለወገቡ ማስታገሻ፣ ለደም ማነሱ ብረት ሰጠሁ፤ ኩላሊቱን ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ እናየዋለን ብዬ ቀጠርኳቸው። ነገሩ ግን ልቤን ስለከበደኝ የባልደረባዬን በር አንኳኳሁ። ሐኪሙ ሦስቱን አንድ ላይ አዩና፣ «ይህ የመቅኔ ካንሰር እንዳይሆን» አሉ። እንዳሉትም ሆነ። ሕክምናው በጊዜ ተጀመረ፤ ሰውየው ዛሬም በሕይወት አሉ። እኔ ሦስት ሕመም ሳይ እሳቸው አንድ በሽታ አዩ። በዚያ ረጅም ሥልጠና ውስጥ እንዲህ ያለውን በሽተኛ ደጋግመው አይተው ነበር። ያን በር ባላንኳኳ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከማዕረጉ በፊት ሸክሙን ጠይቁ። ያልታወቀውን በሽታ እስከ መጨረሻው መከታተል የሚያስደስታችሁ፣ 11 ዓመቱንም መታገሥ የምትችሉ ከሆነ የሕክምናውን መንገድ ያዙ። ከሰው ጋር ተቀምጦ ኑሮውን ማወቅ፣ ማስተማርና መከታተል ከሆነ ልባችሁ፣ በነርስነት ጀምሩ። ነርስነት ሐኪምነት ያመለጠው ሰው መጽናኛ አይደለም። እንዲሁም ነርስ ፕራክቲሽነር «አላውቅም» ለማለት የምታፍር ከሆነ ለበሽተኛዋ አደጋ ናት።

የምትኖሩበትን ስቴት ሕግም አስቀድማችሁ መርምሩ። በዋሽንግተን ዲሲ ነርስ ፕራክቲሽነር ራሷን ችላ መሥራት ትችላለች፤ በቴክሳስ ግን መድኃኒት ለማዘዝ ከሐኪም ጋር ውል ያስፈልጋታል። አገር ቤት ገብታችሁ ለማገልገል የምታስቡም አስቡበት። የእኔ ሥራ እዚያ ለጤና መኮንን ይቀርባል እንጂ ስሙ ብዙም የተለመደ አይደለም። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ሥልጠና ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን፣ ሰው ከመላካችሁ በፊት ፈቃዱ በምን ስም እንደሚሰጥ ጠይቁ።

አባቴ ሆይ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ልጅዎን አንድ ቀን ከእኔ ጋር፣ አንድ ቀን ደግሞ ከሐኪሙ ጋር እንድትውል ይፍቀዱላት። ሐኪሙን ጠይቄ እሺ ብለውኛል። ከዚያ በኋላ እርስዎ ሳይቆጡ፣ እሷም ሳታለቅስ ተነጋገሩ። ሐኪምነትን ብትመርጥ ደስ ይለኛል። ነርስነትን ከመረጠች ግን፣ እባክዎ፣ ሰው ሲጠይቅዎ ቀና ብለው «ልጄ ነርስ ናት» ይበሉ።

በሽተኞቼ፣ «ነርስ ነሽ ወይስ ሐኪም?» ብለው ዘወትር ይጠይቁኛል። «ነርስ ነኝ፤ ሐኪሙም በዚያ በር አሉ» እላለሁ። እስከ ዛሬ በዚህ መልስ ተነሥቶ የሄደ በሽተኛ የለኝም።