ስለ ጉበት ጤንነትና ስላገር መድኃኒት
(የጤና ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ መናገር ያልተገባ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እኛ ከጂንካ፣ ከአሪ፣ ከሐመር እንዲሁም ኦሞን ከገደል ላይ ቁልቁል ከምታየው ከካሮዎች መንደር ከኮልቾ የተሰበሰብን ልጆች ስለ ሆንን፣ የምንናገረው የየቤታችንን ጉዳይ ነው።

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንቶች ሥር ይገኛል። ባዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ሐሞትን ይሠራል፤ ደምን ከመርዝ ያጠራል። የምንበላውና የምንጠጣው ሁሉ ከአንጀት ወደ ደም እንደ ገባ አብዛኛው በመጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው። ስለዚህ መድኃኒትም ሆነ መርዝ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ነው። ጉበት ሲጎዳ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ይህንንም ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ይለዋል።

ለዚህ በሽታ አባቶቻችን ዕፅ ሲቀምሙ ኖረዋል። ከነዚህም ሰንሰል ወይም ስሚዛ የሚባለው ቁጥቋጦና ቀጠጥና ይገኙባቸዋል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እነዚህን ሁለት ዕፆች በአይጦች ላይ ፈትነው፣ በመርዝ ከሚመጣ የጉበት ጉዳት በመጠኑ እንደሚከላከሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽፈዋል። እንግዲህ የአባቶቻችን ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ሆኖም አይጥ ሰው አይደለምና፣ መጠኑና ጉዳቱ በሰው ላይ ገና በሚገባ መጠናት አለበት።

ቻይናዎችም «የአምስት ጣዕም ፍሬ» የሚሉትን ሺሳንድራ ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። ሊቃውንታቸው ፍሬውን በላቦራቶሪ መርምረው፣ ከውስጡ ካገኙት ንጥረ ነገር ተነሥተው ቢፌንዴት የተባለ የጉበት መድኃኒት ሠርተዋል። ነገር ግን በዚያው አገር ሰዎች ዕድሜ ያረዝማል፣ ጠጉር ያጠቁራል እያሉ የሚወስዱት ሄ ሹ ው የተባለው ሥር የብዙ ሰዎችን ጉበት መጉዳቱ ታውቋል። ይህም ማለት ዕፅ ሁሉ ለጉበት ወዳጅ አይደለም ማለት ነው።

ለዚህ ካገራችንም ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ በትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሆዳቸው እየተነፋ የሚሞቱ ሰዎች በዙ። ኋላ ሲመረመር ፒሮሊዚዲን የተባለ መርዝ ያለበት አረም ከእህል ጋር እየተቀላቀለ ጉበታቸውን እንደሚጎዳ ተረጋገጠ። የሻገተ ማሽላና በቆሎም አፍላቶክሲን የተባለ የጉበት መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ እህልን አንጓሎና አበጥሮ፣ በደንብም አድርቆ ማስቀመጥ ራሱ የጉበት መድኃኒት ነው።

ዕፅ ሳይጠጡትም ጉበትን ሊጠብቅ ይችላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው፤ አንዱ የቢልሃርዚያ ዓይነት ደግሞ ጉበትን ያደነድናል። ከልብስ አጣቢዎች ልማድ ለዓለም የሚጠቅም ዕውቀት ወጣ። ዕፁ ቀድሞም ነበረ፤ የጎደለው የሚጠይቅና የሚመረምር ሰው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ተነሥቶ 100,000 ያህል ሰው እንደ ታመመና 30,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ይህ በሽታ በትንኝ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ጉበትን አጥቅቶ ሰውን ቢጫ ያደርጋል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ደቡብ ኦሞ ውስጥ እንደገና ታየ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ከ500,000 በላይ ሰዎችን ለመከተብ ዘመቻ ተጀመረ።

የቢጫ ወባን ቫይረስ የሚገድል የተረጋገጠ መድኃኒት፣ ከጫካም ሆነ ከፋርማሲ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን ማክስ ቴይለር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1937 ያስገኘው ክትባት አለ፤ አንድ ጊዜ መከተብ ለአብዛኛው ሰው ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ለሄፓታይቲስ ቢም እንዲሁ ክትባት አለው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ! ዕፃችሁን ጣሉ አንላችሁም። የምንለምናችሁ ይህን ነው። የልጅ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ይልቁንም ትኩሳትና ደም መፍሰስ ሲጨመርበት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አጠጥታችሁ ሳምንት አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ሲበረታ የሚያልፈው ጊዜ አይመለስምና። የሰጣችሁት ዕፅ ካለም ለሐኪሙ አትደብቁ፤ ቅጠሉን ይዛችሁ ኑ። አረቄንም ለታመመ ጉበት አትስጡት።

እናንተም ጓደኞቻችን፣ በዕረፍት ጊዜ ወደየመንደራችሁ ስትመለሱ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ የዕፁን ስም፣ የሚቆረጥበትን ወራት፣ የሚሰጥበትን መጠን በደብተራችሁ ጻፉ። አዋቂው ሲሞት ያልተጻፈው አብሮት ይቀበራልና። ከመካከላችን አንዱ ነገ ያንን ደብተር ይዞ ላቦራቶሪ ይገባ ይሆናል።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!