የፊት ፎቶግራፍ ማሳመሪያ ፕሮግራም ስለ መምረጥ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጓደኞቼ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ሲናገሩ፥ እኔ ትንሽ ስለሚመስል ነገር፥ ይኸውም የሰው ፊት የተነሣበትን ፎቶግራፍ ስለምናሳምርበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አመራረጥ ለመናገር አስቤአለሁ። ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን የተረዳሁት ከራሴ ስሕተት ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከትምህርት ሰዓት በኋላ እዚሁ ኮዬ ፈጬ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች አንዲት ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ሥራችን የመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍና የምርቃት ፎቶግራፍ ማንሣት፥ አሮጌውንም ማደስ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴትዮ የሟች እናታቸውን ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡና ለዐርባቸው ትልቅ ተደርጎ እንዲወጣላቸው ጠየቁኝ። ፎቶግራፉ ተጨማድዶ ነበር። እኔም ስለ ቸኮልሁ በስልኬ ላይ ባለው ባንድ ጊዜ ንክኪ ፊትን በሚያሳምር ፕሮግራም ሠራሁት። ፕሮግራሙ የወረቀቱን ጭረት አጠፋ፤ ነገር ግን የግንባራቸውን ሽብሽብ፥ የአንገታቸውን ንቅሳት ጭምር አጠፋ፤ የጠይም ፊታቸውንም መልክ አነጣው። እኔ ግን ያማረ መስሎኝ አሳትሜ ሰጠኋቸው። ሴትዮዋ ጥቂት ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ይህችማ እናቴ አይደለችም» አሉኝ። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች እንደ ተባለው ሆነብኝ።

የዚህ ሰፈር ነዋሪ አብዛኛው ከልዩ ልዩ የከተማው ክፍል በዕጣ ቤት ደርሶት የመጣ ነው። ስለዚህ ጎረቤት የጎረቤቱን እናት በልጅነቷም በእርጅናዋም አላያትም። እንዲህ ባለ ሰፈር የሞተ ሰው መልክ ምስክሩ ፎቶግራፉ ብቻ ነው። ምስክሩን የሚለውጥ ሰው ምን እንደሚያደርግ እናንተው ፍረዱ።

ፎቶግራፍን ማሳመር ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በአገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። በፊልም ዘመን የነበሩ ባለሙያዎች በየአገሩ ኔጋቲቩን በሹል እርሳስ እየነኩ ጉድፍ ይሸፍኑ፥ ጥቁርና ነጩን ፎቶግራፍ በብሩሽ ቀለም ይቀቡ ነበር። ሆኖም የሚነካውንና የማይነካውን የሚለየው የባለሙያው እጅና ዓይን ነበረ። ዛሬ ግን ምርጫውን ራሱ የሚያደርግ ፕሮግራም መጥቷል። የእኔም አሳብ ይህ ነው፤ ውሳኔውን ለሰው የሚተው ፕሮግራም እንምረጥ።

እንግዲህ ስንመርጥ አራት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛው፥ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ሳይነካ ያስቀምጣልን? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር መምህራችን የተሳሳትነውን ቃል በላጲስ እንዳናጠፋ ይከለክሉን ነበር። በላዩ አንድ መስመር አስምረን ትክክለኛውን ከጎኑ እንጽፍ ነበር፤ ስሕተታችንም ሆነ እርማታችን አብሮ ይታያል። ጥሩ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። እርማቱ በፎቶግራፉ ላይ እንደ ተነጠፈ ስስ ወረቀት ሆኖ በተለየ ንብርብር ላይ ይሠራል፤ ባይወደድ ንብርብሩ ይነሣል፥ ከሥሩ ያለው እውነተኛው ፊት ግን አይጠፋም።

ሁለተኛው፥ በልክ ያሠራልን? አንዱ መሣሪያ ከአጠገቡ ካለው ደኅና ቆዳ ወስዶ እንዳለ ይለጥፋል፤ ሌላው ደግሞ የወሰደውን ከቦታው ቀለምና ብርሃን ጋር ያዋሕዳል። ሁለቱም በጉድፉ ላይ ብቻ ሲሠሩ ፊቱ ፊት ሆኖ ይቀራል። መላውን ፊት ባንድ ጊዜ የሚያለሰልስ መሣሪያ ግን የቆዳውን ቀዳዳዎች አጥፍቶ ፊትን እንደ ሰም ያደርገዋል።

ሦስተኛው፥ የእኛን መልክ ያከብራልን? የኮዳክ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤቶች የቀለም ልክ የሚያስተካክሉበትን «ሸርሊ» የተባለ ካርድ ሲያድል ኖሯል፤ በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። በዚህም ምክንያት የጥቁር ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ደብዝዞ ይወጣ ነበር። ካርዱ ቢቀርም፥ ንጣትን እንደ ውበት የሚቈጥር ፕሮግራም ዛሬም አለ። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት የጠይም፥ የቀይ ዳማና የጥቁር ሰው ፊት ሰጥተን እንፈትነው። በመስተዋቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት አሳትመን እንመርምረው፤ የሁለቱ ቀለም ይለያያልና።

አራተኛው፥ ዋጋውን በሐቅ እንችለዋለንን? እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ፎቶሾፕ በዓለም የታወቀ ነው። ነገር ግን ከ2013 ወዲህ አዲሱ ፎቶሾፕ የሚገኘው በኪራይ፥ በውጭ ምንዛሪ እየተከፈለ ነው። በየሱቁ የሚገለበጠው የተሰረቀ ቅጂ ከሌላው ሰው ድካም የተወሰደ ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል። ጊምፕ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣ ጀምሮ ያለ ክፍያ ለሁሉ የተፈቀደ ነው። ንብርብርም፥ የተናገርኋቸው ሁለቱ መሣሪያዎችም አሉት፤ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለተማሪና ለትንሽ ፎቶ ቤት ግን እኔ እርሱን እመርጣለሁ። ስልክ ብቻ ያለው ሰው ስናፕሲድን ይሞክር፤ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን የሠራነውን እርማት በቅደም ተከተል መልሶ ያሳያል፥ አንዱንም ደረጃ ለይተን እንድንሽር ያስችላል።

ጥሩ ፕሮግራም ከመረጥንም በኋላ ሕግ ያስፈልገናል። ብጉርና የወረቀት ጭረት በመሰለ አላፊ ነገር ላይ እጃችንን ብናሳርፍ ነውር የለውም። ጠባሳ፥ ማርያም የሳመችው ምልክት፥ ንቅሳት፥ ሽብሽብና የቆዳ ቀለም ግን የባለቤቱ ናቸውና ሳንጠይቅ አንንካ። ለቪዛ በሚቀርብ ፎቶግራፍ ላይማ መልክን መለወጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ አይቀበልም፤ የሚጎዳውም አመልካቹ ነው።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ደግነቱ ጉርድ ፎቶግራፉ በእጃቸው ነበረ። እንደገና ስካን አድርጌ በጊምፕ ሁለት ማታ ሠራሁ፤ የወረቀቱን ጭረት አንድ ባንድ ከማጥፋት በቀር ሌላ ነገር አልነካሁም። ሲያዩት ምንም አልተናገሩም፤ ጣታቸውን በንቅሳቱ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ሒሳብ ልክፈል ሲሉ ግን እንቢ አልሁ፤ የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነበርና።

ወላጆቼ፥ ለምርቃት ፎቶግራፍ ስትሄዱ አንሺውን «እንዳለን አድርገህ አሳምረን» በሉት። ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተም በስልካችሁ የራሳችሁን ፊት ከማንጣታችሁ በፊት፥ ይህን ፎቶግራፍ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚያይ ልጃችሁ እናንተን እንዲያገኝበት አስቡ።