አረጋዊ ወላጅ መጦሪያ ሲገቡ ግዴታው የማን ነው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ነው። «እናቴ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆዩ። እኔ ውዬ የምገባው ሥራ ላይ ነው፤ እህቶቼ ዐረብ አገር ናቸው፤ የቀጠርናት ሠራተኛም አልቆየችልንም። መጦሪያ ባስገባቸው ወንጀል ይሆንብኛል?» ይላሉ። ጠያቂው አንድ ሰው ቢሆን በግሉ በመለስንለት ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ነው።

የመልሱ መነሻ ግልጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ 23ኛና 24ኛ አንቀጾች እርሱን ብቻ መገዛትን ካዘዘ በኋላ ወዲያው ያስከተለው ለወላጆች በጎ መዋልን ነው። እርጅናቸውን ለይቶ ጠቅሶ ከአፍ የምትወጣውን «ኡፍ» እንኳ ከለከለ። ልብ በሉ፣ አንቀጹ የሚናገረው ልጃቸው ዘንድ ሆነው ስለሚያረጁ ወላጆች ነው። የሚሰለቸው አብሮ የሚኖር ነውና።

ስለዚህ የአረጋዊ ወላጅ መኖሪያ የልጁ ቤት ነው፤ መሠረቱ ይህ ነው። ይሁንና ሌሊት በር ከፍተው የሚወጡና መመለሻው የሚጠፋባቸው አባቶች አሉ። ገላቸውን ለማገላበጥ ሁለት ጠንካራ ሰው የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ልጅም ዘመድም የሌላቸው አሉ። እንዲህ ያለው ችግር ሲደርስ፣ አረጋዊውም ተጠይቀው ከፈቀዱ፣ ማእከል መግባታቸው በራሱ ወንጀል ነው ለማለት እኔ አልደፍርም። የምፈራው ከገቡ በኋላ ያለውን ነው። ልጅ በር ላይ አድርሶ ሲመለስ ግዴታውንም እዚያው አስረክቦ የመጣ ይመስለዋል። አላስረከበም።

በሸሪዓችን ችግረኛ ወላጅን መቀለብ፣ ማልበስ፣ ማስጠለልና ማሳከም አቅም ባለው ልጅ ላይ ዋጂብ ነው፤ ነፈቃ የምንለው ይህ ነው። ለዚህም ነው ዑለማዎች ልጅ ነፈቃቸው ግዴታው ለሆነ ወላጆቹ ዘካውን መስጠት አይችልም ያሉት። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን በዘካ ከፍሎ ከራሱ ኪስ ሊያተርፍ አይገባውምና። ለማያውቁት ችግረኛ አረጋዊ ግን ዘካ ይሰጣል፤ ሚስኪንና ፈቂር በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ከተቆጠሩት ስምንት ወገኖች ውስጥ ናቸውና።

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ከ197ኛው አንቀጽ ጀምሮ ቀለብ የመስጠት ግዴታን ይደነግጋል። ወላጅ ለልጅ ብቻ አይደለም፤ ልጅም ለወላጅ አለበት፤ ወንድምና እህትም አሉበት። ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መኖር የማይችል ሲሆን ፍርድ ቤቱ የችግሩን መጠንና የሰጪውን አቅም አይቶ ይወስናል። በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ሁለቱም ወገኖች ዳኝነቱን ሲቀበሉ የነፈቃን ጉዳይ ያያሉ። እናት ልጇን ትክሰስ እያልኩ አይደለም፤ አላህ ከዚያ ይጠብቀን። ነገር ግን ወንድምና እህት «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» እየተባባሉ እናታቸው በመሐል የሚጎዱበት ቤት ካለ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ድርሻ ቢከፍል በሕግም በሸሪዓም መሠረት አለው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ስድስት ኪሎ ሲባል ብዙዎቻችን የየካቲት 12 ሐውልትን፣ ዩኒቨርሲቲውንና አንበሳ ግቢን እናስባለን። በዚሁ ሰፈር የማዘር ተሬዛ እህቶች ማእከል አለ። የሚያስታምመው ያጣ በሽተኛና አቅመ ደካማ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚጠጋበት ቤት ነው። ለመልካም ሥራ ምስጋና ይገባዋልና እናመስግናቸው። ታዲያ ከእኛ መሐል በዚያ በር አልፎ «እዚህ የተኛ ሙስሊም አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ስንት ይሆናል? በአራዳ ብዙ አረጋውያንን ሲጦር የኖረው ጎረቤት ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱና ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ቡና የምታፈላዋ፣ ሾርባ የምታመላልሰዋ ጎረቤትም አብራ ተበትናለች። ቤት በቤት ይተካ ይሆናል፤ ጎረቤት ግን እንዲህ በአንድ ጊዜ አይተካም።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ሕገ መንግሥቱ በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል። ጡረታ የሚያገኘው ግን ተቀጥሮ መዋጮ ሲከፍል የኖረ ሰው ነው። ጉሊት ስትቸረችር ላረጀች እናት፣ በሰው በረንዳ ላይ ሲሰፋ ለኖረ ልብስ ሰፊ የጡረታ ደብተር የለም። (ልጃቸው ሠራተኛ ሆኖ የሞተባቸውና በእርሱ ይጦሩ የነበሩ ወላጆች ግን የተተኪ ጡረታ መብት አላቸው። ብዙዎች አያውቁትምና ጠይቁላቸው።) በ2009 ዓ.ም የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲሠራ፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ ነበረው። እንደ መቄዶንያ ያሉት ማእከላት ደግሞ በአብዛኛው የሚኖሩት ሕዝቡ በሚሰጠው ነው።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አይሁዳዊ ሲለምን አግኝተው ምን እንዳደረሰው እንደጠየቁት በአቡ ዩሱፍ ኪታቡል ኸራጅ ተዘግቧል። ጂዝያው፣ ችግሩና እርጅናው መሆኑን ሲሰሙ ቤታቸው ወስደው የሚበላ ሰጡት፤ ወደ በይተል ማል ኃላፊም ልከው ጂዝያው ከእርሱና ከመሰሎቹ እንዲነሳ፣ ቀለብም እንዲቆረጥላቸው አደረጉ። በወጣትነቱ ግብሩን በልተን በእርጅናው ብንጥለው ፍትሕ አይደለም የሚል ነበር ሐሳባቸው። የዛሬው የመብት ንግግር ከዚህ የሚያልፍ አይመስለኝም።

እኛስ? በረመዷን ቴምርና ዘይት ጭነን እንሄዳለን፤ ሸዋል ሲገባ እንጠፋለን። የአዋቂ ዳይፐር፣ ሳሙናና የደም ግፊት ክኒን ረመዷንን ጠብቀው አያልቁም። የማያቋርጥ ወጪ የማያቋርጥ ምንጭ ይፈልጋል፤ ኢስላም ለዚህ ያስቀመጠው ወቅፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያማክሩ፣ ዋናው እንዲያዝና ፍሬው እንዲመጸወት ነው የተመከሩት። የአንድ ሱቅ ኪራይ ለአረጋውያን ቢወቀፍ በየወሩ ይመጣል። የወቅፍ ጉዳይም ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ከሰጣቸው ሥልጣን አንዱ ነው። በኑር (በኒን) መስጂድም ሆነ በአንዋር ከጁምዓ በኋላ ለመስጂድ ግንባታ የሚዘረጋው ጨርቅ አንድ ቀን ለዚህ ቢዘረጋ ምን አለበት? የሰጠ ሰው ደግሞ ይጠይቅ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሒሳብ መጠየቅ ክፉ ጥርጣሬ አይደለም፤ አማናን መጠበቅ ነው።

ማእከል የገቡ አረጋዊ መብታቸውን በር ላይ ጥለው አይገቡም። የተባበሩት መንግሥታት በ1984 ዓ.ም ያወጣቸው 18 የአረጋውያን መርሆዎች፣ በማንኛውም መጠለያ ወይም ማቆያ ያሉ አረጋውያን ክብራቸው፣ እምነታቸውና ገመናቸው እንዲከበር፣ ስለ አያያዛቸውም ራሳቸው እንዲወስኑ ይላሉ። በ2008 ዓ.ም እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል በ2017 ዓ.ም ሥራ ላይ ውሏል፤ አገራችንም በ2012 ዓ.ም ተቀብላዋለች። ማእከል መግባት በምርጫ እንዲሆን፣ አገልግሎቱም አገር አቀፍ ዝቅተኛ መስፈርት እንዲያሟላ ይጠይቃል።

ለአንድ ሙስሊም አረጋዊ ይህ ምን ማለት ነው? የውዱእ ውሃ የሚያቀርብላቸው ሰው፤ ውሃ ከጎዳቸው ለተየሙም ንጹሕ አፈር። ቂብላውን የሚያሳያቸው፣ ተቀምጠውም ተጋድመውም እንዲሰግዱ ጊዜ የሚሰጣቸው። ሥጋ ሲቀርብ የማን እርድ እንደሆነ በግልጽ ማወቅ፤ ካልሆነም ሽሮውን ያለ ወቀሳ መብላት። እናቶችን ሴት፣ አባቶችን ወንድ እንዲያጥባቸው። ጾም የማይችሉ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን የማብላቱን ፊድያ ልጅ ያስታውስላቸው። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚናገርላቸው ሰው ግን ይፈልጋል።

እኛ ማእከል ስናቋቁምም ሚዛኑ አንድ ነው። በ1888 ዓ.ም በሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ዘመን ኢስታንቡል ውስጥ የተከፈተው ዳሩል ዐጀዛ የተባለ የደካሞች ቤት በግቢው መስጂድ፣ ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ምኩራብ ነበረው። ክርስቲያን አረጋዊት በሙስሊም ቤት ውስጥ ስትተኛ መስቀሏ ከራስጌዋ አይነሳም ማለት ነው።

የገንዘባቸውም ነገር አለ። የባንክ ደብተራቸውና የጡረታ ውክልናቸው ማን ዘንድ እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። የቀበሌ ቤት ካላቸው ከመግባታቸው በፊት ወረዳው ዘንድ ጠይቁ፤ ሳታውቁ እንዳያመልጣችሁ። በሞት ሕመም ላይ ያለን ሰው ቤት በስጦታ ስም አስፈርሞ መውሰድ በሸሪዓ እንደ ኑዛዜ ይታያል፤ ከሲሶ አያልፍም፣ ለወራሽም ያለ ሌሎቹ ፈቃድ አይጸናም። ግፍ ሲደርስ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም፣ በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማመልከት ይቻላል። ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

ወላጃችሁን ስታስገቡ አንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለማእከሉ ስጡ። ስማቸውን፣ ሙስሊም መሆናቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የሦስት ቤተሰብ ስልክ፣ በሳምንት በየትኛው ቀን ማን እንደሚጠይቃቸው ይያዝበት። አጀላቸው ሲደርስ ሌሊትም ቢሆን እንዲደወል፣ ገላቸውን የሚያጥብ፣ የሚከፍንና ጀናዛቸውን ኮልፌ የሚያደርስ ሰው ስምና ስልክ ከግርጌው ይጻፍ። ልጅ የሌላቸውን ደግሞ የመስጂዳችሁ ጀማዓ በራሱ ስልክ ያስመዝግብላቸው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።