ሆድ ይፍጀው ያሉ ነርሶች

እህቶቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆማችሁ ሠርታችሁ፣ ባገኛችሁት በዚህች አጭር ሰዓት ተኝቼ ልረፍ ሳትሉ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከቤት መውጣት ሳይፈቀድላችሁ ይህን ወረቀት ከጓደኛ እጅ ተቀብላችሁ የምታነቡም አላችሁ። ንግግሬ ለእናንተም ነው።

ባለፈው ጊዜ ቡና ላይ ስለ ተከታታይ ድራማ ስንጫወት አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ቀን በራሳችን ችግር ሳናለቅስ ውለን፣ ማታ በስልካችን የቱርክ ድራማ ከፍተን ለማናውቀው ሰው፣ ለዚያውም በእውነት ለሌለ ሰው፣ ስቅስቅ ብለን የምናለቅሰው ለምንድን ነው? ጅልነት ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው? ያን ቀን ተሳስቀንበት አለፍን። እኔ ግን ጥያቄው ከሳቅ በላይ ስለመሰለኝ፣ ዛሬ ስለ አንድ ድራማና ያንን ድራማ ስላዩ ሴቶች ልነግራችሁ ነው።

ድራማው «ቻይና ቢች» ይባላል። በአሜሪካ ኤቢሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1991 ታይቷል። ስሙ ቻይና ይበል እንጂ ታሪኩ የቬትናም ጦርነት ነው። ዳ ናንግ ከሚባለው የቬትናም ከተማ አጠገብ ያለውን የባሕር ዳርቻ የአሜሪካ ወታደሮች በዚያ ስም ይጠሩት ነበር። ድራማው እዚያ በተቋቋመ የጦር ሆስፒታልና በአካባቢው ስለሚሠሩ ሴቶች ይተርካል። ዋናዋ ኮሊን ማክመርፊ የምትባል ነርስ ናት። እሷን ሆና የተጫወተችው ዳና ደላኒ በዚህ ሥራዋ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሁለት ጊዜ አግኝታለች።

የነርሶቹ ሥራ ምን ነበር? ሄሊኮፕተር ይመጣል። ቁስለኞች ይወርዳሉ። ነርሷ ልብሳቸውን በመቀስ ትቀዳለች፣ ደም ታቆማለች፣ መርፌ ትወጋለች። ብዙ ቁስለኛ አንድ ላይ ሲመጣ ደግሞ መለየት አለ፦ አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና የሚገባው፣ ጥቂት መጠበቅ የሚችለው፣ ምንም ቢደረግለት የማይተርፈው። የማይተርፈው ወደ ዳር ይደረጋል። ነርሷ ጊዜ ካገኘች እጁን ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። አብዛኞቹ ነርሶች በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ፣ ከትምህርት ቤት ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ልጆች ነበሩ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን መሥራት የተለመደ ነበር። ይህን የሥራ ሰዓት ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ።

ወደ 11,000 የሚሆኑ አሜሪካውያን ሴቶች በሠራዊቱ ውስጥ ሆነው ቬትናም አገልግለዋል፤ አብዛኞቹ ነርሶች ናቸው። ጦርነቱ አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከእነሱ ብዙዎቹ ዝም አሉ። በእኛ አነጋገር «ሆድ ይፍጀው» አሉ። ቬትናም መሄዳቸውን ለባላቸው፣ ለልጃቸው፣ ለሥራ ባልደረባቸው ሳይናገሩ ዓመታት ያሳለፉ ነበሩ።

ለምን ዝም አሉ? አንደኛ፣ የጠየቃቸው አልነበረም። ጦርነት ሲባል ሰው የሚያስበው ወንዱን ወታደር ነው። ሁለተኛ፣ ጦርነቱ በሕዝቡ ዘንድ የተጠላ ስለነበር ስሙን ማንሣት ጠብ ያመጣ ነበር። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከበደ ነው፦ ራሳቸው ራሳቸውን ከለከሉ። «እኔ ምን ሆንኩ? እግሩን ያጣው እሱ፣ የሞተው እሱ። እኔ እኮ ሙሉ አካሌን ይዤ ተመልሻለሁ፤ ምን ብዬ ነው የማማርረው?» የሚል ሐሳብ አፋቸውን ያዘው።

እኔ ነርስ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት አንዲት የታመሙ አሮጊት አስታምሜአለሁ። አጥቤአቸዋለሁ፣ አጉርሻቸዋለሁ፣ ሌሊት እያገላበጥኩ ጀርባቸው እንዳይቆስል ጠብቄአለሁ። ሲሞቱ እጃቸው በእጄ ውስጥ ነበር። ቤተሰቡ ለቅሶ ተቀመጠ፤ እኔ ቡና አቀረብኩ፣ ሲኒ አጠብኩ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። በክፋት አይመስለኝም፤ አልታሰባቸውም። እኔም ለራሴ «እናታቸው እንጂ እናቴ አይደሉም» አልኩና ዝም አልኩ። ከዓመታት በኋላ ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬ ይህን ድራማ እየተረጎመችልኝ አብረን ስናይ፣ ነርሷ ከሞተው ልጅ አጠገብ ተነሥታ እጇን ታጥባ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለማክመርፊ ይመስላል፤ ግን ለእኔና ለአሮጊቷ ነበር።

ድራማው በወጣ ጊዜ ያዩት እውነተኞቹ ነርሶች የተሰማቸው አንድ ዓይነት ስሜት አልነበረም።

አንዳንዶቹ ሕይወታቸውን በሰው ፊት ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ለተዋናይቷና ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጻፉ። ጎናቸው ተቀምጦ ለሚያየው ቤተሰብ «እኔም እዚያ ነበርኩ» ለማለት በር ከፈተላቸው።

አንዳንዶቹ ማየት አልቻሉም። የሄሊኮፕተር ድምፅ ብቻ የሚበቃው ሰው አለ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ መነሣትም መልስ ነው፤ በዚህ ሰው አይፈረድም።

ሌሎቹ ደግሞ ተቆጡ። ድራማው ፍቅሩን፣ መጠጡን፣ ጭፈራውን አበዛው፤ ገላዋን የምትሸጥ ሴትም አስገባበት፤ ይህን ያየ ሰው እኛን ሁላችንን እንዴት ያስበናል? አሉ። ይህ ጠብ ከድራማው በፊትም ነበረ። ቬትናም ያገለገለችው ነርስ ሊንዳ ቫን ዴቫንተር እ.ኤ.አ. በ1983 የራሷን ታሪክ መጽሐፍ አድርጋ ስታወጣ፣ ብዙዎች «የልባችንን ተናገረችልን» ሲሉ፣ ሌሎች ነርሶች ደግሞ «ስማችንን አጠፋች» ብለው ተቃውመዋታል።

ማን ልክ ነበር? እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ለዓመታት ማንም ሳያወራላቸው የኖሩ ሰዎች፣ አንድ ቀን አንድ ታሪክ ብቻ ሲወራ፣ ያ አንዱ ታሪክ የሁሉም መልክ ይሆንባቸዋል። የሚያስቆጣቸው እሱ ነው። መፍትሔው ግን ያንን አንዱን ታሪክ ዝም ማሰኘት አይደለም፤ ብዙ ሆኖ መናገር ነው።

የድራማው አዘጋጆች አንድ መልካም ነገር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ቬትናም የነበሩትን እውነተኞቹን ሴቶችና ወንዶች ካሜራ ፊት አስቀምጠው በገዛ አፋቸው እንዲናገሩ አደረጉ፤ ንግግራቸውንም ከድራማው ትዕይንቶች ጋር እያፈራረቁ አሳዩ። ተዋናዮች ሲያወሩት የነበረውን ነገር ባለቤቶቹ ራሳቸው አወሩት።

በዚያው ዘመን ደግሞ ዳያን ካርልሰን ኢቫንስ የተባለች፣ እሷም ቬትናም ያገለገለች ነርስ፣ ሌላ ትግል ላይ ነበረች። በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረቀ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ በቬትናም የሞቱት ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን ስም ተቀርጾበታል። ከነዚያ ሁሉ ስሞች ስምንቱ የሴቶች ናቸው፤ ስምንቱም ነርሶች ነበሩ። ዳያን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምራ ለሴቶቹም መታሰቢያ ይቁም ብላ ጠየቀች። እምቢ ተባለች፣ ተፌዘባትም፤ ደጅ መጥናቷን ግን አልተወችም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1993 ሐውልቱ ተመረቀ። በነሐስ የተሠሩ ሦስት ሴቶችና አንድ ቁስለኛ ናቸው። አንዷ ቁስለኛውን አቅፋለች፣ አንዷ ቀና ብላ ወደ ሰማይ ታያለች፣ አንዷ ተንበርክካ ባዶ የራስ ቁር ይዛለች። ለሞቱት ለስምንቱ ነርሶችም ዙሪያውን ስምንት ዛፎች ተተክለዋል።

ሐውልቱን ድራማው አቆመው አልላችሁም፤ ያቆሙት ለዓመታት የደከሙት ሴቶች ናቸው። ግን መጽሐፉም፣ ድራማውም፣ ደብዳቤውም፣ ቁጣውም አንድ ላይ ሆነው ያንን ረጅም ዝምታ ሰበሩት።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ቤት ውስጥ መሥራት ጦርነት ነው እያልኩ አይደለም። የሌላውን ሰው ገላ፣ ልጅና እናት ተንከባክባ ስለ ራሷ ዝም የምትል ሴት ግን እዚህም አለች። ሦስት ነገር ልበላችሁ።

የመጀመሪያው፦ ድራማ አይታችሁ ስታለቅሱ አትፈሩ፤ የት ቦታ ላይ እንዳለቀሳችሁ ግን አስተውሉ። እናት ልጇን ስትሸኝ ነው? አንዲት ሴት በሐሰት ሌባ ስትባል ነው? ወንድም ሞቶ እህት ቀብር ሳትደርስ ስትቀር ነው? ዕንባ የሚመጣው ከታመመ ቦታ ነው። ሐኪም እጁን እያስነካ «እዚህ ጋ ያምሻል?» እንደሚል፣ ድራማውም ሳያውቅ ነክቷችኋል።

ሁለተኛው፦ «ከእኔ የባሰ አለ» አትበሉ። የባሰማ ሁልጊዜ አለ። በእስር ቤት ያለች አለች፣ ከፎቅ የወደቀች አለች፣ አስከሬኗ የተመለሰ አለች። ነርሶቹም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ዝምታው ግን በቅዠት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በአንዳንዶቹ ላይ በመጠጥ ወጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። እንዲህ ያለው ጭንቀት እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ ስም ተሰጥቶት በሕመምነት ተመዝግቧል፤ ስንፍና ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። ሌሊት የምትባንኑ፣ ምግብ የማይበላላችሁ፣ ሰው በነካችሁ ቁጥር የምትደነግጡ ካላችሁ ለሚታከም ነገር አትፈሩ፤ ንገሩን፣ ሐኪም ዘንድ አብረናችሁ እንሄዳለን።

ሦስተኛው፦ ስለ እኛ ሌላው ብቻ ሲያወራ አንኑር። አገር ቤት ስለ እኛ የሚወራው ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ብር የምትልክ፣ ወይ መከረኛ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ ግን ሙሉ አይደሉም። በስድስት ወር ውስጥ ያለ አስተማሪ አረብኛ የለመደችውን ማን አወራ? የሽማግሌውን አሥር ዓይነት መድኃኒት በቀለሙ ለይታ፣ ሰዓቱን ሳታዛንፍ የምትሰጠውን? ያሳደገችው ሕፃን ከእናቱ በፊት ስሟን የጠራውን፣ ኮንትራቷ አልቆ ስትለየው ሻንጣዋ ላይ ተኝቶ ያለቀሰባትን? ይህን ባለቤቷ ካልተናገረችው የሚናገርላት የለም።

መናገር ስል ግን ስልክ ከፍቶ በቀጥታ ስርጭት የአሠሪን ስምና ቤት ማውጣት ማለቴ አይደለም። እሱ እዚህ አገር መዘዝ አለው፤ ያያችሁት ነው። ሁሉን ነገር ለሁሉም ሰው መናገርም ግዴታ አይደለም። አንድ የምታምኗት እህት ትበቃለች፤ አንድ ደብተር ይበቃል። የምታዳምጠዋም «ይህ ምን አላት፣ የእኔን ብታዪ» አትበል። ዝም ብላ ትስማ፤ የሷ ተራ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ለይታችሁ ያዙልኝ። አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ የሚመታት፣ የሚነካት፣ ደመወዟን የያዘባት ሰው ያለባት እህት ካለች፣ ያ ቆይቶ የሚነገር ታሪክ አይደለም። ዛሬ ከመሄዷ በፊት ከእኛ ለአንዳችን ትንገር። ወረቀቱን የምታነበውም ወረቀቱን ባመጣችላት ጓደኛ በኩል ትላክብን።

በመጨረሻ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤተሰብ ስትደውሉ «ደህና ነኝ፣ እናንተ እንዴት ናችሁ» ብላችሁ ስለ ብሩ ተነጋግራችሁ ትዘጋላችሁ። በሚቀጥለው ስልክ ላይ አንዲት እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ። የሚያስደነግጥ አትሁን፤ «እማዬ፣ ዛሬ አሮጊቷን ሳጥባቸው እጄን ሳሙኝ» ወይም «ዛሬ በጣም ደክሞኛል» ትሁን። እናታችሁም ምናልባት እስከ ዛሬ ያልነገረቻችሁን ነገር ትነግራችሁ ይሆናል።