በሰው አገር ላሉ ልጆቻችን ስለምንነግራቸውና ስለምንደብቃቸው ነገር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ሊቀመንበሩ በሰጡኝ ጊዜ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ እሱ በሌላው ወረቀት ተለጥፏል። የዛሬው ጉዳይ ከሰፈራችን ወጥተው በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በጅዳ፣ በኩዌትና በዱባይ ሥራ ላይ ስላሉት ልጆቻችን ነው፤ ይኸውም ከእነሱ ጋር ስለምንለዋወጠው ወሬ። ወሬ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሰው ሲጎዳበት ስላየን ነው ለስብሰባ ያቀረብነው።

ለላስታ ሰው ዘመድ መራቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ስንቱ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል በሠፈራ ሄደ። ያን ጊዜ ወሬ በደብዳቤ ነው የሚመጣው፤ ደብዳቤው ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደኅና ነኝ» ይላል። የወባው ነገር፣ የሞተው ሕፃን ነገር፣ ሁሉም ከዚያች «ደኅና ነኝ» ሥር ተቀብሮ ይመጣል። ኋላ ዓረብ አገር መሄድ ሲጀመር ድምፅ በካሴት እየተቀዳ በመንገደኛ እጅ ይላክ ጀመር። ካሴት እንደ ደብዳቤ አይዋሽም፤ ድምፅ ሲሰበር ይሰማል፤ እናት ሁለት ሦስት ጊዜ እያስመለሰች ስትሰማ ታውቅበት ነበር።

ዛሬ በኢሞና በዋትሳፕ ፊት ለፊት እንተያያለን። ይህ ትልቅ በረከት ነው። በገና ዕለት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል አንዱ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ እዚያ ማዶ ልጅቱ በማዳሟ ኩሽና ውስጥ ድምፁን ቀንሳ እያየች ታለቅሳለች። መተያየት ግን እውነት መነጋገር ማለት አይደለም። በማዳሟ ሳሎን ቆማ ትነሣና ፎቶውን ትልካለች፤ ሶፋው የማን እንደሆነ አትጽፍም። እዚህ ያለችው ጓደኛዋ ፎቶውን አይታ ደላላ ፍለጋ ትወጣለች።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ እያመጡ ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። በዚያን ሰሞን የሚመጣው ድምፅ ግን ያው «ደኅና ነኝ» ነበር። በጅቡቲ፣ በኦቦክ አድርገው በጀልባ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩት ወንዶች ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ያንን ድንበር ያለፈ ልጅ ግን ለጓደኛው «ደርሻለሁ» ብቻ ነው የሚለው። ምን ያድርግ? በሬ ተሽጦለት የሄደ ልጅ ያየውን ለመናገር አፉ አይታዘዝለትም።

እንግዲህ እነሱን ብቻ አንውቀስ። እኛስ?

በባህላችን መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚረዳው። ይህን ያወጡ አባቶች የሰውን ልብ ያውቁ ነበር። ታዲያ ልጅቱ ሪያድ ናት፣ ማን ይይዛታል ይባልና ዝም ይባላል። ዝምታው ሳምንት ይሆናል፣ ወር ይሆናል፣ ዓመት የሞላውም አለ። እናቷን ስትጠይቅ «ገበያ ወጣች»፣ «ጸበል ገብታለች»፣ «ኔትወርክ የለም» ይባላል።

ከዚህ የባሰም አይተናል፤ ስም አልጠራም። እናት ከተቀበረች በኋላ «ታማለች፣ ለመታከሚያ ላኪ» ተብሎ ገንዘብ መጣ፤ በገንዘቡ ተዝካር ተደገሰ። ልጅቱ እናቷን ያሳከመች መስሏት ሌላም ጨምራ ላከች። ይህን በበኩሌ ነውር እለዋለሁ። በድግሱ የጠሩን ሰዎች ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ።

ሌላው የሐዘን ድንኳኑን ፎቶ አንሥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈው ወጣት ነው። ክፋት የለውም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅቱ ልብስ እየተኮሰች ስልኳን ስትከፍት የራሷን ቤት በር፣ ድንኳኑንና ነጠላ ያዘቀዘቁትን ጎረቤቶች ታያለች። የሚይዛት ሰው የለም፤ ማዳሟ ደግሞ ሸሚዙን ትፈልጋለች።

አንዳንዶች ዝም ማለቱ ይሻላል ይላሉ። እኔ ግን የጦርነቱን ጊዜ አስታውሳችኋለሁ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ከተማችን በሕወሓት ኃይሎች ስትያዝ ስልክም መብራትም ጠፋ፤ ከተማዋ ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀቀችው በታኅሣሥ 2014 ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ውጭ ያሉት ልጆች በእነዚያ ጊዜያት ያልቀበሩት ዘመድ የለም፤ በሕይወት ላለው ሁሉ አልቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ «ኔትወርክ የለም» ስንላቸው አያምኑንም። ዝም ባልን ቁጥር ክፉውን ነው የሚያስቡት፤ እንግዲህ ደብቀን ምን አተረፍንላቸው?

እነሱ እኮ መላውን አግኝተውለታል። ቤይሩት ያሉት እሑድ፣ ሌላው ዓረብ አገር ያሉት አብዛኞቹ ዓርብ፣ ዕረፍት ያላቸው ተሰብስበው፣ ቡና አፍልተው፣ ልጅቱን በሌላ ነገር አመካኝተው ጠርተው ያረዷታል። አብረዋት ያለቅሳሉ፤ ገንዘብም ያዋጡላታል። እድር ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? ዕረፍት የሌላት ብዙ ናት፣ እሱ እውነት ነው። ለእሷም ቢሆን ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ደውሎ፣ እስክትተኛ ድረስ ስልኩን ሳይዘጋ የሚያዋራት ጓደኛ ይገኝላታል።

ስለዚህ ኮሚቴው እንዲህ አስቧል። ልጁ ውጭ ያለ አባል ሁሉ፣ ከልጁ ስልክ ሌላ እዚያው ቅርብ ያለ የአንድ ጓደኛውን ስልክ በማኅበሩ መዝገብ ያስጽፋል። ሐዘን ሲደርስ ቤተ ዘመድ ከመከረ በኋላ በመጀመሪያ የሚነገረው ለዚያ ጓደኛ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን እሱ ይምረጥ፣ የቦታውን ነገር የሚያውቀው እሱ ነውና። ልጁ ተረድቷል የሚል ቃል እስኪመጣ ድረስ ማንም ሰው የሐዘኑን ፎቶ እንዳይለጥፍ፤ ወጣቶች ይህን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

ልጅ ሳይረዳ ለተዝካር ድንኳንና ድስት አንስጥ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ግማሹ ኮሚቴ ደገፈ፤ ግማሹ ደግሞ የሟች ነፍስ ምን አደረገች ብሎ ተከራከረ። እኔ ከደገፉት ወገን ነኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለእናንተ ለድምፅ ይቀርባል፤ እስከዚያው በየቤታችሁ ምከሩበት።

መዝገቡ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይከፈታል። ቁጥሩን በወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ መጻፍ ለማይችል እኔ እጽፋለሁ። የጓደኛዋን ስም ስታመጡ ደግሞ የክርስትና ስሟን ብቻ አታምጡ፤ ለመሄጃ ተብሎ ፓስፖርት ላይ ስማቸው የተለወጠ ብዙዎች ስለሆኑ እዚያ የምትጠራበትንም ጠይቃችሁ ያዙ።